የልጄን ፊት ከላስቲክ ሥር ስለ ማስለቀቅ

ቢቸና፣ ሰኔ ፲ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ያየህ
የብሩህ ገጽ የፎቶግራፍና የኅትመት ማኅበር ሊቀ መንበር
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ በቅርቡ ያሠሩት የቆርቆሮ አጥርም ሳይቀር ደኅና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዓይንዎ ጤና እጸልያለሁ፤ በቢቸናና በዙሪያዋ ያለን ሰዎች ጠይም እንሁን ቀይ፣ በሕይወት ያለን እንምሰል የሞትን፣ የሚወሰነው በእርስዎ ዓይን ነውና።

እኔ ይርጋነሽ ወልደ ሰንበት፣ በማኅበርዎ ፎቶ ኤዲት ታደርግ የነበረችው የትርሲት ያለው እናት ነኝ። እርስዎ እንደሚያውቁኝ አውቃለሁ፤ በዚህ ዓመት የደጅዎን ደረጃ ከእኔ የበለጠ የረገጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። ራሴን ማስተዋወቄ ይህ ደብዳቤ ከማኅበሩ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለገበያ መጥቶ ቆሞ የሚያነበው ሰው ግራ እንዳይገባው ብዬ ነው። ጽሑፌ ቢዘገይና ቢንዛዛም ይቅር ይበሉኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚጻፍ ነገር ሲኖር የምትጽፈው ትርሲት ነበረች።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። በማኅበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የልጄ ፎቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ልክ እሷ እንደ ተወችው ታጥቦ እንዲሰጠኝ ነው። የፊታችን ሐምሌ ሙት ዓመቷ ነው፤ በመቃብሯ ሐውልት ላይ ለፎቶ የሚሆን ቦታ አስቀርቼ፣ መስታወቱንም አስገጥሜ፣ ባዶውን እየጠበቀ ነው። ሌላ ፎቶ የለኝም። ፎቶ አንሺ ስለ ነበረች ዕድሜዋን የኖረችው ከካሜራው ኋላ እንጂ ከፊቱ አልነበረም።

ይህ ፎቶ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለአንባቢው ማስረዳት አለብኝ፤ እርስዎም ረስተውት ሊሆን ይችላል።

ትርሲት ባሕር ዳር ሠልጥና ስትመለስ ከኮምፒውተር ማውዝ የማትበልጥ አንዲት መሣሪያ ማኅበሩ ገዝቶላት ይዛ መጣች። እራት ላይ ተቀምጠን ስለዚያች መሣሪያ ትነግረኝ ነበር። "እማ፣ ስክሪን ይዋሻል እኮ፤ የማይዋሽ ስክሪን የለም፤ ይቺ ውሸቱን ነው የምትለካ" ትለኛለች። መሣሪያዋን በስክሪኑ ላይ ታንጠለጥላታለች፤ ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀጥሎም ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን ግራጫ ሁሉ በተራ ያሳያታል፤ እሷም ያየችውን ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ስክሪኑ ያጋደለበትን እያየ ያቃናዋል። ካሊብሬሽን ይሉታል። ከዚያ በፊት ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ መቆየት ነበረበት፤ ቸኩሎ ለሚጠይቃት ሰው "ገና አልነቃም" ትለው ነበር። መጋረጃም ትዘጋለች። የስክሪኑንም ብርሃን ሰው እስኪያማርር ድረስ ዝቅ ታደርገዋለች። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ ወረቀት የራሱ መብራት እንደ ሌለው፣ ስክሪኑ ከልክ በላይ ካበራ ኤዲት የሚያደርገው ሰው ተታሎ ፎቶውን እንደሚያጠቁረው፣ ሲታጠብም ጨልሞ እንደሚመጣ ነገረችኝ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት እንግዲህ በእራት ነው።

ከዚያ ደግሞ ሥራዋ መቃናቱን የምታይበት አንድ መለኪያ ፎቶ አስፈለጋት። ራሷን አነሣች። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ግራጫ አራት ማዕዘኖች የታተሙበትን ካርድ አገጯ ሥር ይዛ ቀጥ ብላ ታያለች። "ነጠላው ነጭ፣ ካርዱ ግራጫ፣ ፊቴም የእኔ ፊት ከሆነ የቢቸና ሰው ሁሉ ልክ ይሆናል" ትል ነበር። በየወሩ ያንን ፎቶ ወደ ሞጣ ትልከዋለች፤ ማጠቢያ ማሽኑ ያለው ሞጣ ወይዘሮ ስንቄ ቤት ነውና። ታጥቦ ሲመጣ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ይዛ ታስተያያለች፤ ከተስማማላት ወረቀቱን ቀድዳ ትጥለዋለች። እኔም አይቼ ዝም እላለሁ። ራሷ እቤት እያለች ፎቶዋ ምን ያደርግልኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልጄ ካረፈች ወዲህ ማኅበርዎ የዋለልኝን ውለታ በተራ ላስታውስ።

፩. ስለ ርክክቡ።

ትርሲት ታማ ሳትቆይ ባለፈው ሐምሌ አረፈች። ለቅሶው ሳይበርድ ከማኅበርዎ በማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ መጣልን። የተጻፈው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር። "በእጅዎ ያለውን የማኅበሩን ንብረት ሳያስረክቡ ከሥራ ገበታዎ ስለ ተለዩ፣ በአካል ቀርበው እንዲያስረክቡ እናሳስባለን" ይላል። ከሥራ ገበታዋ ስለ ተለየች ብሎ በትሕትና መጻፉን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ሌሎቻችን ሞተች ነበር የምንል።

ይህ ንብረት የተባለው ያቺ መለኪያ መሣሪያ ናት። በዚያው በማኅበሩ ቢሮ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፋ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ እርስዎ ፈርመውበታል። አስረካቢ በሌለበት ርክክብ እንደ ሌለ፣ ርክክብ ሳይኖርም ቁምሳጥኑ እንደማይከፈት አስረዱኝ። እኔ ልፈርም ብል ወራሽ ንብረት እንጂ ኃላፊነት እንደማይወርስ ነገሩኝ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስን ሽማግሌ አድርጌ ብልክ እሳቸውም "ልጄ ያየህ፣ እኛ እንኳ ለሙታን የምንጸልየው ነፍስ ይማር ብለን ነው እንጂ ተመልሰው ይፈርሙ ብለን አይደለም" ቢሉዎት መመሪያ ነው ብለው ሸኙዋቸው። መሣሪያዋ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። እኔም ልጄን ይዤ መቅረብ ስላልቻልኩ ማኅበሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ስለ አዲሱ ስክሪን።

ትርሲት ስትሠራበት የነበረው ስክሪን መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለና በምትኩ ትልቅ አዲስ ስክሪን ተገዛ። እሰየው ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ ፋብሪካው ስስ ላስቲክ አልብሶት ነበር፤ እርስዎ ግን ያ ስለማይበቃው ከስብሰባው ጠረጴዛ የተነሣውን አሮጌ ወፍራም ላስቲክ በልኩ አስቆርጠው ደረቡበት፣ ዙሪያውንም በፕላስተር አስለጠፉት። ዕቃው አዲስ እንደ ሆነ እንዲቆይ ነው። ጥግ ላይም የንብረት ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተጻፈበት፤ እንግዲህ ላስቲኩ ቢወልቅ ቁጥሩ ስለሚጠፋ፣ ቁጥር የሌለው ንብረት ደግሞ ንብረት ስላልሆነ፣ ላስቲኩ ተከበረ።

ያ ላስቲክ ከጠረጴዛው ላይ ሳለ ስንት ስብሰባ እንዳሳለፈ እርስዎ ያውቃሉ። ቀለሙ የቆየ ቅቤ ይመስላል። ከእሱ ኋላ ሆኖ የሚታይ ሰው ሁሉ ቢጫ ነው። በትርሲት ቦታ የተቀጠረው ዘመነ ደኅና ልጅ ነው፤ ቢጫ ሰው ሲያይ ቢጫውን ለማጥፋት ሰማያዊ ይጨምርበታል። ደግሞም እርስዎ የማኅበራችን ስም ብሩህ ገጽ ሆኖ ስክሪኑ ሊጨልም አይገባም ብለው ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ስላስደረጉት፣ ዘመነ ዓይኑን እያሸ ያጠቁረዋል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሞጣ ሲታጠብ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆነን እንመለሳለን። በመሣሪያዋ ቢለካ ኖሮ ውሸቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ እሷ ግን አስረካቢዋን እየጠበቀች ነው።

ጎረቤቴ ፈንታነሽ ልጇን በጥር ድራ የሠርጉን ፎቶ ስትቀበል እኔ አብሬያት ነበርኩ። ቬሎው ዝናብ ያረገዘ ሰማይ መስሏል፤ ሙሽራው ከዓባይ የወጣ ይመስላል። ፈንታነሽ ፎቶውን አገላብጣ አገላብጣ "እንዲህ ሆኖ ነው እንዴ የወሰዳት? ባውቅ አልሰጠውም ነበር" አለች። ስንስቅ ቆይተን አፈርን። ለሳቁም ቢሆን አመሰግንዎታለሁ፤ በዚያ ወር የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

፫. ስለ አርባዋ ፎቶ።

ለአርባዋ የትርሲትን ፎቶ ማኅበሩ በትልቁ አሳጥቦ በክፈፍ አድርጎ በስጦታ አመጣልን። እርስዎ ራስዎ ይዘውት ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እንደ ተቀበለዎት ያስታውሳሉ። በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ነጠላው ሲነሣ ሙሾ የያዙት ሴቶች ዝም አሉ፤ እርስዎ ያንን ዝምታ እንደ ሐዘን ቆጥረው አንገትዎን ደፉ።

ልጄ ጠይም ነበረች፤ የሰርገኛ ጤፍ መልክ ነበራት። በክፈፉ ውስጥ ያለችው ከንፈሯ የጠቆረ፣ ዓይኗ ሥር የበለዘ፣ ነጠላዋም ሰማያዊ የሆነ ሌላ ሴት ናት። ወንድሜ ውበቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ከሞተች በኋላ ነው እንዴ ያነሷት?" አለኝ። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ እውነት መስሎት ነው።

ከሳምንት በኋላ ቢሮዎ መጣሁ። ወንበር ሰጡኝ፤ ውኃም አስመጡልኝ፤ ከዚያ ስክሪኑ ፊት አቁመው "ይኸው እማማ፣ እዚህ ላይ ልክ አይደለችም? እንግዲህ ስሕተቱ የሞጣ ነው" አሉኝ። እውነትም እዚያ ላይ ሰው ትመስላለች። የገረመኝ እሱ ነው፤ ሁለት ስሕተት ተደራርቦ አንድ እውነት መሰለ። ስለዚህ ሞጣ ሄድኩ።

፬. ስለ ሞጣው መንገድ።

አውቶቡሱ ግንደወይን ላይ ጎማው ፈነዳና መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ዋልን፤ ያም በእርስዎ አይመዘገብም። ሞጣ ስደርስ ወይዘሮ ስንቄ ሱቋን ልትዘጋ ነበር። የትርሲት እናት ነኝ ስላት ቁልፉን አስቀመጠች። ክፈፉን ከፍቼ ባሳየኋት ጊዜ ምንም አልተከራከረችኝም፤ የዚያን ዕለት የታጠቡትን የሌሎች ከተሞች ፎቶዎች አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። "እታለም፣ ማሽኑ የተላከለትን ነው የሚያወጣ። ይኸው የግንደወይን፣ ይኸው የእኛው የሞጣ፤ ሰዉ ሰው ይመስላል። ከቢቸና የሚመጣው ብቻ ነው ውኃ ውስጥ ያደረ። ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኛ ጋ ልክ ነው አሉኝ" አለች።

ከዚያ የባንኮኒዋን መስታወት አንሥታ ከሥሩ አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጣች። ትርሲት ለመጨረሻ ጊዜ መለኪያ ፎቶዋን ስታሳጥብ፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ተቆርጣ የቀረች ናት። ስንቄ ማሽኗን የምታይባት ግራጫ ማዕዘኖቹ ስላሉባት አስቀምጣት ኖሯል። ከግራጫው ጋር ካርዱን የያዘው እጅ አለ። ፊቱ ያለበት ወደ ቢቸና መጥቶ እንደ ልማዷ ተቀዶ ተጥሏል፤ እጇ ግን ሞጣ ቀርቷል።

ክቡር ሆይ፣ የልጄ እጅ ነው። አውራ ጣቷ ላይ በልጅነቷ ማጭድ የነካት ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ቀለሙ እሷው ናት። ስንቄ "ውሰጃት፣ እኔ ሌላ አገኛለሁ" ብላ በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። በመንገዱ ሁሉ ፖስታውን አልከፈትኩትም፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያየሁት።

፭. ስለ ጥራት ቁጥጥሩ።

ለመንፈቋ ደግሞ ቀድሜ መጥቼ ለመንኩዎ። ፎቶውን ኤዲት አታድርጉት፣ ትርሲት ራሷ የጨረሰችው ነው፣ እንዳለ ወደ ሞጣ ላኩልኝ አልኩ። ካልሆነም በፍላሽ ስጡኝ፣ እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። ፍላሹ ላይ የሚወጣው የማኅበሩ ንብረት ስለ ሆነ እንደማይቻል፣ ጥራት ቁጥጥር ሳያልፍም ከማኅበሩ የሚወጣ ሥራ እንደሌለ ነገሩኝ። ጥራት ቁጥጥሩ እርስዎ ነዎት። ቅሬታ ያለበት ሥራ ስለ ሆነም ዘመነ ከወትሮው የበለጠ እንዲጠነቀቅበት አዘዙት፤ ስለ ተጠነቀቀበትም ከመጀመሪያው ይልቅ ሰማያዊ ሆነ። ከጀርባው ላይ "ጥራቱ ተረጋግጧል" የሚል ማኅተም አርፎበታል። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው፤ በዚያ ወረቀት ላይ ቀለሙ የተስተካከለ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

፮. ስለ ግድግዳው አልናገርም።

ትርሲት የግድግዳው ቀለም ወደ ስክሪኑ እንዳያንጸባርቅበት ብላ ግራጫ ያስቀባችውን ክፍል፣ ለእንግዶች ጉብኝት አረንጓዴ የዘይት ቀለም እንዳስቀቡት ሰምቻለሁ። አልናገርም ብያለሁና ይቅር።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው፣ ሴትዮዋ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ምን አስጻፋት ይል ይሆናል። ልንገረው።

የመንፈቋን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ባዶ ግድግዳ አልቻልኩም። ጠዋት ስነሣ አያታለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያታለሁ። ይህን ያህል ወር አየኋት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ደጅ ተቀምጬ ትርሲትን ላስባት ዓይኔን ብጨፍን የመጣችልኝ ሰማያዊዋ ሆነች። ከንፈሯ የጠቆረው፣ ዓይኗ ሥር የበለዘው። ያቺን ገፍቼ የእኔዋን ለማምጣት ብዙ ደከምኩ። መጣች፤ ግን ዘግይታ ነው የመጣችው። አሁን በየቀኑ ትዘገያለች። ክፈፉን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ማኅተሙ ወደ እኔ ሆነ። አልረዳኝም።

ልጄን አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ፤ አልከለከልኩም፣ የከለከለም የለም። መልኳን ግን ገና አልቀበርኩም። እርስዎ ጥራቱን እያረጋገጡ እየቀበሩብኝ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህንን ነው። ላስቲኩ ይውለቅ። የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ይበል። ቁምሳጥኑ ይከፈት፤ መሣሪያዋም ለዘመነ ትሰጥ፤ ለእኔ ብለው ሳይሆን ከእንግዲህ ለሚዳሩትና ለሚሞቱት ብለው። ይህ ሁሉ ከከበደ፣ እሱ ሁሉ ይቅርና የትርሲት ፎቶ እንዳለ ወደ ሞጣ ይላክ። ኤዲት ስለማይደረግ ለማኅበሩ ድካም የለውም።

ስላስቀመጡኝ ወንበር፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ክፈፉ፣ በአርባዋ አንገትዎን ስለ ደፉበት ሁሉ አመሰግናለሁ። ማኅበርዎ ያድግ፣ ይስፋ፤ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ከልጆችዎም አንዱን እንኳ በፎቶ ብቻ ከማየት ይሰውርዎ። ይህን የመጨረሻውን ያለ ምንም ቅኔ፣ ከልቤ ነው የምመኝልዎ።

ሳላስቸግርዎ መኖር ሳልችል የቀረሁት፣ በአቤቱታ ብዛት ስሟን በቢሮዎ ያስለመደችው፣

ይርጋነሽ ወልደ ሰንበት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለወይዘሮ ስንቄ፣ ሞጣ
ለወይዘሪት ትርሲት ያለው፣ ማኅበሩ ደብዳቤ በሚልክላት አድራሻ

አባሪ፦ ላስቲክ፣ ሁለት ዓይነት

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦

ስለ አባሪው ማብራሪያ ይገባዎታል። ይህን ደብዳቤ ጨርሼ በእጅዎ ልሰጥዎ ዛሬ ብመጣ ስብሰባ ሄደዋል አሉኝ። ዘመነ ብቻውን ነበር። ለሙት ዓመቷ የሚሆነውን ፎቶ ኤዲት እንዲጀምር ታዝዞ፣ ትርሲት ስክሪኑ ላይ ነበረች፤ እሱ ደግሞ እጁን ታቅፎ ያያታል። ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ የያዝኳትን የሞጣዋን ቁራጭ ፈታሁና ስክሪኑ ላይ ካለው እጇ ጎን ያዝኳት። ወረቀቱ ላይ ያለው የልጄ እጅ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የወፍ በሽታ የያዘው ሰው እጅ ነው። ዘመነም አየ። "እማማ ይርጋነሽ፣ እኔ ምንም አላየሁም" አለና መጋረጃውን ለመዝጋት ተነሣ። እሱ ጀርባውን እንደ ሰጠኝ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሬ አገኘሁት።

ወፍራሙ በቀላሉ ወለቀ፤ ስሱ ትንሽ ታገለኝ። ዘመነ ተመልሶ መጥቶ ሳልጠይቀው ብርሃኑን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው። "ይበቃል?" አለኝ። "ትንሽ" አልኩት። እጅና እጅ እኩል ሲሆኑ ያዝ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብዬ ፊቷን ያየሁት።

እሷ ናት። ሌላ የምጽፈው የለም።

ዘመነ አሁኑኑ እንዳለ ሊልከው ይችል ነበር፤ ግን ማኅተሙ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ሄዷል። ስለዚህ እርስዎን ትጠብቃለች። ልጁን አይቆጡት፤ እሱ የዘጋው መጋረጃ ብቻ ነው። ላስቲኩን ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ የንብረት ቁጥሩን አልነካሁትም፣ አጣጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ርክክብ ካስፈለገ በሕይወት ስላለሁ ቀርቤ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።

ፎቶው እስከ ሐምሌ ካልደረሰ በሐውልቱ መስታወት ሥር የሞጣዋን ቁራጭ አደርጋታለሁ። ከመቃብር ላይ እጅ ብቻ አይቶ ፊቷስ የት አለ ለሚለኝ ሰው፣ ጥራቱ እስኪረጋገጥ አቶ ያየህ ዘንድ ነው እለዋለሁ።